ለጋሼ፣ ከጠማማው ኮት ጋር

ውድ ጋሼ፣

ስለ ጤናዎ አልጠይቅም፤ ልጅዎ ባለፈው ሱቅ ብቅ ስትል ሁሉንም ነግራኛለች። ጉልበትዎ ደህና ነው፣ እንቅልፍዎ ደህና ነው፣ ምላስዎ ደግሞ ከሁሉም ደህና ነው አሉ። መስኮት ሥር ተቀምጠው የአላፊ አግዳሚውን ኮሌታ ሲያብጠለጥሉ እንደሚውሉ፣ የጎረቤታችሁን ሱሪ "ይሄ ተሰፋ ወይስ ተቀጣ?" እንዳሉት ሰምቻለሁ። እንግዲያው እንደ ደህና ሰው ልቆጣዎት እችላለሁ ማለት ነው።

እንዲህ ያለ መልእክት ይላካል? "ቃሏን ካላለች መቀሱን አልሰጥም፤ ሱቁንም ለፈለገ ያከራዩት።" ልጅዎ ይህን ስትነግረኝ ትኩስ ካውያ በእጄ ነበር። የሰው ቀሚስ ላይ እንደያዝኩት ደርቄ ቀረሁ። አጠገቤ የምትሰፋው እትዬ ቁልፍ "ኧረ ልጅቷ ቤቱን አነደደችው" ብላ ባትጮህ ኖሮ ይሄኔ ስለ ቀሚሱ ባለቤት ለቅሶ ነበር የምጽፍልዎት።

ለማንበብ ዓይንዎ ስለደከመ ይህን የምታነብልዎት ልጅዎ ናት። እሷ የሱቃችንን ነገር ከሩቅ ነው የምታውቀው፤ ስለዚህ ለእሷ ብዬ ከሥሩ እጀምራለሁ። እርስዎ እያወቁትም ቢሆን ዝም ብለው ይስሙ። "አሳጥሪው" እንዳይሏት፣ አደራ።

የኔ እህት፣ በአባትሽ ሱቅ አንዲት ሕግ ነበረች። ማንም ሠራተኛ ቢሆን በጋሼ መቀስ ጨርቅ ከመቁረጡ ወይም የራሱን ሱቅ ከመክፈቱ በፊት፣ ራሱ የሰፋውን ልብስ በሁለት እጁ ይዞ ፊታቸው ይቆምና "በለጥኩዎት" ይላል። "ተማርኩ" አይሠራም። "አመሰግናለሁ" አይሠራም። "እርስዎን መሰልኩ" ያለማ ወዮለት። "እኔን የሚመስል እኔ አለሁ፤ ሁለት ምን ያደርግልኛል?" ብለው ወደ ስፌት መኪናው ይመልሱታል። መቀሱን ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ ያን ትልቁን፣ እጀታው በአውራ ጣታቸው ልክ የተበላውን። ከዚህች ቃል በኋላ ካልሆነ በስተቀር ማንም አይነካውም ነበር።

ጋሼ፣ ችኩሉን ያስታውሱታል? ያ ከመናገሩ በፊት እግሩ የሚራመደው ሱሪ ሰፊ። ካውያው ሳይበርድ ሱሪ ታቅፎ መጣና "በለጥኩዎት" አለ። እርስዎ ሱሪውን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። "ልበሰው" አሉት። ለበሰው። እውነትም ያምር ነበር። "ቁጭ በል" አሉት። ቁጭ ሲል ከኋላው ተተረተረ፤ ድምፁን የመንገድ ማዶ ሰው ሳይሰማው አልቀረም። እኛ ሆዳችንን ይዘን ስንስቅ እርስዎ ፈገግ እንኳ አላሉም። ሱሪውን ከላዩ ተቀብለው፣ መርፌና ክር አንስተው፣ እዚያው ፊቱ እየሰፉ "ሰው ቆሞ አይውልም፤ ለመቀመጡም አስብለት" አሉት። ነገሩ ይኸው ነበር።

በሌላ ጊዜ ደግሞ በሌላ ሱሪ ተመልሶ መጣ። ሳይታዘዝ ቁጭ አለ፣ ተነሳ፣ እግሩን አጣጠፈ፣ መሬት ላይ ወድቆ የጠፋ ቁልፍ እንደሚፈልግ ሰው ተንበረከከ። ሱሪው ወይ ፍንክች። ያን ቀን ነው "በለጥከኝ" ያሉት። "በሱሪ ነው ታዲያ፤ ኮት ላይ ገና ነህ።" ሰውየው ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። እኔ ግን እሱን ሳይሆን እርስዎን ነበር የማየው። ለመንገዱ ሰው ሁሉ ሻይ አዘው፣ ያልጠየቀዎትን ሁሉ "ይሄ ልጅ በለጠኝ እኮ" እያሉ ሲነግሩ ዋሉ። የተበለጠ ሰው እንደዚያ ሲደሰት ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም፤ ከዚያ በኋላም አላየሁም።

ታዲያ ለችኩሉ የቀለለች ቃል ለእኔ ለምን ከበደችኝ?

ይቺ ቃል ለሌላ ሰው ስትሆን ቀላል ናት። "አንቺ ትበልጪኛለሽ"፣ "የሱ እጅ ይበልጣል"፣ "ኧረ ከኔ እሷ" ስንል እንውላለን። ለትልቅ ሰው ወንበር እንደመልቀቅ ነው፤ ብድግ ብለን እንሰጣታለን፣ እኛ ግን አንቀመጥባትም። እኔ ባደግሁበት ቤት "በለጥኩ" ያለ ልጅ ጆሮው ይቆነጠጥ ነበር። ከወንድሜ ጋር ሮጠን ቀድሜው ስገባ እንኳ እናቴ "እኩል ደረስን በይ" ትለኝ ነበር። እሱ ገና ከመንገድ ሳይታይ ነው እንግዲህ። እንደዚህ ያደገች ሴት እርስዎን የሚያህል ሰው ፊት ቆማ "በለጥኩዎት" ትበል? አፌ ይያዛል፤ ምላሴ ራሱ ያፍርብኛል።

እርስዎ ግን ቃሏን ሌላ ዓይነት አድርገው ነበር የሚያዩዋት። አንድ ከሰዓት ዝናቡ ደንበኛ ያስቀረብን ቀን፣ ካውያውን እንደ ምድጃ ከበን ተቀምጠን የተናገሩት አይረሳኝም። "ልኩን ያለፈ ሌላ ነው" አሉ። "እጅጌ ልኩን ሲያልፍ መዳፍ ይውጣል፤ ነውር ነው። ድንበር የጣሰም ሌላ ነው፤ እሱ የሰው ወስዷል። የበለጠ ግን የማንንም አልወሰደም። አንዱ ያቆመበት ቦታ ሄዶ፣ ከዚያ ነው የቀጠለው። ደግሞ ልብ በሉ፣ አንድ ሰው መጥቶ 'በለጥኩ' ቢላችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት ምንድን ነው? 'ማንን?' ነው። አያችሁ፤ ሰው ብቻውን ሊበልጥ አይችልም። የበለጠውን ሰው ይዞት ይዞራል።"

እትዬ ቁልፍ አፏ መች ያርፋል። ይህን ስም ያወጡላት እርስዎ ነዎት፤ ዕድሜ ልኳን ከቁልፍ ቀዳዳ በስተቀር ሌላ ነገር ልስፋ ብላ ስለማታውቅ። "ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ከሚያውቁ ሱሪ ሲያሳጥሩ ከሚውሉ ዳኛ አይሆኑም ነበር?" አለችዎት።

"የዳኛ ካባ ልክ የለውም" አሉ እርስዎ። "ማንም ይገባበታል። ይሰለቸኛል።"

የኔ እህት፣ ይህ የአባትሽ አስተሳሰብ ከየት እንደመጣ የነገሩሽ አይመስለኝም። እሳቸውን ያስተማሯቸው ሰውዬ ጨርቅ የሚቆርጡት ከመጋረጃ ጀርባ ነበር። የመቀሱ ድምፅ ይሰማል እንጂ እጃቸው አይታይም። የተቆረጠውን ብቻ በመጋረጃው ሥር ወደ ውጭ ይገፉታል፤ ሠራተኛው ያነሳና ይሰፋል። "ለምን?" ሲባሉ "አይተው እንዳይበልጡኝ" ይሉ ነበር። ማንም ሳይበልጣቸው ሞቱ። ሲሞቱ ሱቁ ውስጥ መስፋት የሚያውቅ ሞልቶ መቁረጥ የሚያውቅ አንድም ሰው አልተገኘም። የደንበኛው ጨርቅ እንደታጠፈ ወደየባለቤቱ ተመለሰ፤ ሱቁ ተዘጋ። አባትሽ የሰውየውን አሮጌ ኮቶች ከየሰዉ እየለመኑ፣ ስፌታቸውን እየተረተሩ፣ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ነው መቁረጥ የተማሩት። ከሙት ሰው እጅ ፈልቅቀው አወጡት ማለት ይቻላል።

ለዚህ ነው የራሳቸውን ሱቅ ሲከፍቱ የመቁረጫ ጠረጴዛውን መሀል ቤት የተከሉት። መጋረጃ የሚባል ነገር ለመስኮት እንኳ አልፈቀዱም። ፀሐይ ጨርቁን ያደበዝዘዋል ብንላቸው "ይደብዝዝ" አሉን። የኛን መኪናዎች ደግሞ በጠረጴዛው ዙሪያ ደረደሩ፤ አንዱን በፊት፣ አንዱን በጎን። ለእኔ የደረሰኝ ከጀርባቸው ነው። ገና በገባሁ ሰሞን የነካሁት ክር ሁሉ ይበጠስ ስለነበር "ክር በጣሽ" አሉኝ፤ "ከኋላዬ ተቀመጪ፤ ሲበጠስ አልይ" ብለው አስቀመጡኝ። እዚያው ቀረሁ።

ጋሼ፣ እንግዲህ ከዚያ ቦታ ሆኜ ምን ሳይ እንደኖርኩ ያስቡት። ሌሎቹ እጅዎን ያያሉ። እኔ አንገቴን ሰገግ አድርጌ እጅዎን ካየሁ በኋላ ስመለስ ፊት ለፊቴ ያለው ጀርባዎ ነው። ሲደሰቱ አውቃለሁ፤ አንገትዎ አጠር ይላል። ደንበኛ ሲያናድድዎት አውቃለሁ፤ ለሰውየው በአፍዎ "እሺ ጌታዬ" እያሉ የግራ ትከሻዎ ብቻውን ይሳደባል። የቀኙ ትከሻዎ ደግሞ ከመቀሱ ጋር ዓመት ከዓመት ትንሽ በትንሽ ሲወርድ አይቻለሁ። እርስዎ ይህን አላዩም። ማን የራሱን ጀርባ ያያል?

ያን ቡና ዓይነት ኮትዎን ያስታውሱት። ለራስዎ የሰፉትን። ከቀኝ ትከሻው ሥር ተነስታ እስከ ወገብ የምትወርድ አንዲት እጥፋት ነበረችው። ሰው ሲነግርዎት አንዴ "ጨርቁ ነው" ይላሉ፣ አንዴ "ካውያው ነው"፣ አንዴ "ወንበሩ ነው የሚያጨማድድብኝ"። ተርትረው ደግመው ሰፉት፤ እጥፋቷም ተመልሳ መጣች። መስታወት ፊት ቆመው ራስዎን ሲለኩ አየሁዎት። መስታወት ፊት ደግሞ ትከሻዎን ያስተካክላሉ፤ ማንም ሰው ያደርገዋል። ስለዚህ ሜትሩ የሚነግርዎት ስለ ሌላ ሰውዬ ነበር፤ ስለ ቀጥ ያለው። የከተማውን ጎባጣና ወልጋዳ ሁሉ አሳምረው ያለበሱ ሰው፣ ለራስዎ ልክ የሚሆን ኮት አንድ ቀን ሳይለብሱ ኖሩ። አንጀቴን ይበላኝ ነበር፤ ግን ምን ብዬ ልናገር?

ከየትልቁ ሥራ በኋላ ይጠይቁኝ ነበር። ያ የመለከት ነፊው ኮት፣ ሲነፋ ደረቱ እንደ ሊጥ የሚነሳው ሰውዬ፣ ብዙ ሰው "አይሆንም" ብሎ የመለሰው። እርስዎ ቆረጡልኝና እኔ ሰፋሁት፤ ስሰፋውም ሁለት ቦታ እንደገና ቀየርኩት። እንደ ልማድዎ ኮቱን ገለበጡት፣ ገበሩን በጣትዎ ዳበሱት፣ አሸተቱት። ከዚያ አዩኝ። "እህ?" አሉ።

"ምን ጋሼ?"

"አትይም?"

"ገና ነኝ ጋሼ።"

"ገና ገና ስትይ አርጅተሽ ቁጭ ልትይ ነው" ብለው ሄዱ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እኔም በዚህ ተመክቼ ዝም አልኩ። አሁን ሳስበው ግን ይነቅዛል፤ ዝም ብሎ የተቀመጠ ነገር ሁሉ ይነቅዛል።

ያሳፈረኝ የእናቴ ቁንጥጫ ብቻ አልነበረም። እርስዎንም ልጅዎንም ስለምወድ እውነቱን እናገራለሁ። ቃሏን ያልኩ ቀን ከጠረጴዛው የሚነሱ ይመስለኝ ነበር። እኔ "በለጥኩዎት" እላለሁ፣ እርስዎ መቀሱን ያስረክቡኛል፣ ከዚያ ፊት ለፊቴ ያ ጀርባ አይኖርም። ያለዚያ ጀርባ መስፋት የምችል አይመስለኝም ነበር። ስለዚህ ላለማለት ሥራዬን አሳንሼ እስከማየት ደረስኩ።

ሳልላትም ተነሱ። አንድ ደንበኛ ያመጣው ግራጫ ሱፍ ላይ በሳሙና የሰመሩትን መስመር ይዘው እየቆረጡ ሳለ እጅዎ ተንቀጠቀጠና መቀሱ ከመስመሩ ወጥቶ ወደ ታች ወረደ። ሁላችንም አየን፤ መጋረጃ የለማ። መቀሱን አስቀመጡት። "በቃ" አሉ። ለደንበኛው ሌላ ሱፍ አስመጥተው እንድንሰፋለት አዘዙን፤ የተበላሸውን አጣጥፈው መደርደሪያው ላይ ወረወሩት፤ መቀሱን በለስላሳ ጨርቅ ጠቅልለው በብብትዎ ይዘው ወጡ። ልትወስድዎት የመጣችው ልጅዎ እጅዎን ይዛ ነበር። ከበሩ ሲወጡም ያየሁት ጀርባዎን ነው፤ ያቺ እጥፋት እንዳለች።

እንግዲህ ልጅዎ መጣችና የሆነውን ነገረችኝ። የሕንፃው ባለቤት ወሩ ሳያልቅ ሱቁ በማን ስም እንደሚቀጥል ማወቅ ይፈልጋል። ጎረቤታችን፣ ተሰፍቶ የመጣ ልብስ የሚሸጠው፣ ግድግዳውን አፍርሶ ሱቃችንን ከሱቁ ጋር ሊቀላቅል ቋምጧል። እርስዎ ደግሞ "ቃሏን ካላለች" ብለው ተቀምጠዋል። እኔ ተቆጣሁ። "አባትሽ በዚህ ዕድሜያቸው ምን ይሁን ብለው ነው የሚያስቸግሩኝ? ሞልቶ በተረፈ ቃል በአንዲቷ እንዲህ ይጨከናል?" አልኳት።

ልጅዎ እንደርስዎ አይደለችም፤ ረጋ ብላ ነው የምትናገረው። "እኔም አልገባኝም" አለች። "ትናንት ሻይ ይዤለት ስገባ፣ መስኮቱን እያየ 'እኔም መጋረጃ ነበረኝ ማለት ነው' አለኝ። 'የምን መጋረጃ አባዬ?' ስለው ሻዩን ብቻ ተቀበለኝ። በሕይወቱ መጋረጃ ሰቅሎ አያውቅ። እያረጀ ይሆን?"

እያረጁ አልነበረም። እኔ ገባኝ። ካውያውን አስቀምጬ ተቀመጥኩ። እትዬ ቁልፍም ገባት መሰለኝ፣ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ ቀና አለች። መሀል ቤት ጠረጴዛ ተክለው፣ እጅዎን ለሁሉም ሰው ገልጠው፣ በመጨረሻ ከኋላዎ የተቀመጠችው "ገና ነኝ" ስትልዎት እንደኖረች ቆጥረው፣ እንደዚያ ሰውዬ ነኝ ብለው አስበዋል። እኔ እኮ ያከበርኩዎት መስሎኝ ነው። ለካስ የማይበልጡት ሰው ማለት ለእርስዎ ሱቁ የተዘጋበት ሰው ነው።

ልጅዎን ሸኝቼ ወደ መደርደሪያው ሄድኩ። ያን ግራጫ ሱፍ አወረድኩት። ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ መቀሱ የሳተበትን ቦታ አየሁት። ቀኝ ትከሻ ላይ ነው የወረደው። ጋሼ፣ እጄን አስቀመጥኩበትና ሳቅሁ። መስመሩ እንዴት እንደወረደ አውቀዋለሁ፤ በየቀኑ ፊት ለፊቴ ነበር። የተበላሸው ለዚያ ደንበኛ ነው። ለእርስዎ ግን አልተበላሸም።

ሜትር አላነሳሁም። ካቆሙበት ጀምሬ ቆረጥኩ። በእትዬ ቁልፍ መቀስ ነው የቆረጥኩት፤ ያ ቅቤ የማይቆርጠው መቀሷ። "መሣሪያዬን አታንቋሺ፤ ስንት ቀዳዳ የበሳ ነው" እያለች አጠገቤ ቆማ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ቀኝ ትከሻው ውስጥ ጥጥ ጠቅጥቆ ከግራው ጋር ያስተካክለው ነበር፤ ደንበኛም ይወደዋል። እኔ አልፈለግሁም። ያ ትከሻ በስንፍና አልወረደም፤ እኛን ሁሉ አስተምሮ አብልቶ ነው የወረደው። ምን ቆርጦኝ እሸፍነዋለሁ? ጨርቁ ራሱ አብሮት እንዲወርድ አደረግሁ፤ ጀርባውን በግራ በኩል ትንሽ አስረዘምኩት፤ በቀኙ ብብት ሥር መቀስ ሲዘረጉ የሚያስፈልግዎትን ያህል ለቀቅሁለት። ሰፍቼ፣ አይቼ፣ ሁለቴ ተርትሬ ደግሜ ሰፋሁ።

ሲያልቅ መስቀያ ላይ ሰቀልኩት። እውነቴን ነው የምልዎት፣ አስቀያሚ ነው። አንድ ጎኑ ወደ መሬት ያዘነብላል፣ ኮሌታው አንገቱን ያጣመመ ሰው ይመስላል። በዚሁ መሀል ያ ጎረቤታችን ግድግዳውን ሊለካ ገባ። እስካሁን ሱቁ የሱ ያልሆነ ሰው አይመስልም። ኮቱን አይቶ ከንፈሩን ወደ ጎን ሳበ።

"እንዲህ ያለ ጠማማ ልብስ እየሰፋችሁ ነው እንዴ ሱቅ ይዘን እንቆያለን የምትሉት?"

"መስቀያው አይደለም የሚለብሰው" አልኩት።

"ይሄን የሚለብስ ሰው ደግሞ ከየት ይመጣል?"

"አንተ ተሰፍቶ የመጣ ነው የምትሸጠው" አለች እትዬ ቁልፍ ከመርፌዋ ቀና ሳትል። "ለልብስ ሰው ስትፈልግ የኖርክ ስለሆንክ አይገባህም። እኛ ጋ ልብሱ ነው ለሰው የሚፈለገው።" ልክ ልኩን ነገረችው። ሜትሩን አጣጥፎ ኩም ብሎ ወጣ።

እሱ ከወጣ በኋላ ግን ኮቱን ዞሬ ዞሬ አየሁት። ብሳሳትስ? ትከሻው ቀጥ ነው ብሎ ለኖረ ሰው "ጠማማ ነዎት" ብሎ ኮት መላክ እኮ ቀላል ድፍረት አይደለም። ልክ ካልሆነ ሱቁም ይሄዳል፣ መቀሱም ይሄዳል፣ ከሁሉ በላይ እርስዎ ይቀየሙኛል። ኮቱን ከመስቀያው አውርጄ ልተረትረው ክሩን ስፈልግ እትዬ ቁልፍ እጄን መታ አደረገችኝ።

"ምን ልትሆኚ ነው?"

"ልክ ባይሆንስ?"

"ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ" አለች። "ልክ እንደሚሆን አንቺም ታውቂያለሽ፣ እኔም አውቃለሁ። የፈራሽው ባይሆን ብለሽ አይደለም። ቢሆን ብለሽ ነው።"

ጋሼ፣ ይቺ ሴትዮ አንዳንዴ ታናድዳለች። ኮቱን ከእጄ ወስዳ የቁልፍ ቀዳዳዎቹን ጀመረች። ለእርስዎ ነው ስላልኳት ወሬዋን አቁማ ነው የሰፋችው፤ ይዩላት፣ ሲያዩት "ደህና ነው" ይበሉላት፤ ከዚያ ያለፈ ካሉ በጉራዋ አታስቀምጠንም።

አሁን ልጅዎ ደብዳቤውን ለአፍታ ታስቀምጥና ታልብስዎት። ቁልፉን አይቆልፉት። ትልቁን መስታወት ከኋላዎ አድርጉት፣ ትንሹን እሷ ከፊትዎ ትያዝልዎት። ቀጥ ብለው እንዳይቆሙ፣ በሞቴ። ጨርቅ ሊቆርጡ እንደሆነ አድርገው ጎንበስ ይበሉ፤ ቀኝ እጅዎን ይዘርጉ። ከዚያ ጀርባዎን ይዩት። እኔ ስንት ዘመን ብቻዬን ያየሁትን አሁን አብረን እንየው። ያቺን እጥፋት ይፈልጓት።

አጥተዋት ከሆነ ልንገርዎት። እኔ ያወቅሁትን ሁሉ ያወቅሁት ከእርስዎ ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ከእርስዎ አልተማርኩም። ጀርባዎን። እሱን እርስዎ ሊያሳዩኝ አልቻሉም፤ ከኋላዎ ስላስቀመጡኝ ብቻ ነው ያወቅሁት። ጠረጴዛውን ጥግ አስጠግተው ግድግዳ ተደግፈው ቢቆርጡ ኖሮ እኔም ይህን ኮት አልሰፋም ነበር። መጋረጃ አልነበረዎትም ጋሼ። አንድም ቀን አልነበረዎትም።

ሱቁ ደህና ነው። ዛሬ ጠዋት ፀሐዩ ጠረጴዛው ላይ ገብቶ የሰው ሰማያዊ ሱፍ እያደበዘዘ ነበር፤ "ይደብዝዝ" አልኩ፤ ከዚያ የደንበኛ መሆኑ ትዝ ሲለኝ አነሳሁት። ደስ ብሎኛል፤ ይህን ስጽፍም ደስ ብሎኛል። እኔ አሁን ጠረጴዛው ጋ ነኝ። ከኋላዬ ያለው መኪና ባዶ ነው፤ ሰው እየፈለግሁለት ነው። ክር ቢበጥስም ግድ የለኝም። ጀርባዬን የሚያይ ሰው ያስፈልገኛል።

ወንበርዎ ጥጉ ላይ አለ፤ እትዬ ቁልፍ ቅራቅንቦዋን ስታስቀምጥበት እየገሠጽኳት ነው። ኮቱ ልክ ካልሆነ ይምጡና ፊቴ ይተርትሩት። ልክ ከሆነም ይምጡ፤ መቀሱን ይዘው ይምጡ።

እንግዲህ በሁለት እጄ ይዤ ፊትዎ ቆሜያለሁ ብለው ያስቡ። ልጅዎ ስታነበው ድምፅዋን ከፍ ታድርግልኝ።

ጋሼ፣ በለጥኩዎት።

ክር በጣሽ